እጅ የሚደርስበት ፊልትሮ፦ የአሮጌ ሚኒባስ የነዳጅ መስመር በሊማሊሞ መንገድ

ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬ የሚያመራው መንገድ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠራውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወርዶ ዛሪማን ካለፈ በኋላ አዲ አርቃይ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ አዲ አርቃይ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለተቀመጠች፣ በዚህ መስመር የሚሠራ መኪና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከውርጭ ወደ ቆላ ሙቀት ይሸጋገራል።

ይህ ለውጥ በናፍጣ ለሚሠራ አሮጌ ሚኒባስ ቀላል ነገር አይደለም። ሰልባትዮው፣ ማለትም የነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ ግማሽ ሆኖ ሲያድር በውስጡ ያለው አየር በሌሊቱ ብርድ እርጥበቱን በብረቱ ግድግዳ ላይ ያወርዳል፤ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድም ወደ ታች ወርዶ ከአቧራና ከዝገት ጋር ይደባለቃል። ነዳጅ በበርሜልና በጀሪካን የተገለበጠ ከሆነ ቆሻሻው ይብሳል። ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት የሚልከው ፓምፕና ወደ ሲሊንደር የሚረጩት አፍንጫዎች የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው በመሆኑ፣ ውሃ የገባባቸው እንደሆነ ይዝጋሉ፣ ይፋቃሉም።

ችግሩን የሚያባብሰው የመኪናው አሠራር ነው። ለምሳሌ በቀድሞዎቹ የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች ሞተሩ ከሾፌሩና ከጋቢና ተሳፋሪው ወንበር ሥር ስለተቀመጠ፣ መካኒኩ ወንበር አንሥቶ በጠባብ ቀዳዳ መሥራት ይኖርበታል፤ የሰልባትዮውን የነዳጅ መለኪያ ለማየት ደግሞ ሰልባትዮውን ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ የቮልስዋገን ኮምቢ ባለቤቶችም ሰልባትዮውን ለማውጣት ሞተሩን መንቀል ስለሚገደዱ፣ ከኋላው የዕቃ ወለል ላይ መክፈቻ የሚቆርጡ አሉ።

ለዚህ መስመር የሚጠቅመው ማሻሻያ ኃይል መጨመር ሳይሆን ጥገናውን እጅ ወደሚደርስበት ቦታ ማምጣት ነው። የመጀመሪያው፣ በሰልባትዮውና በፓምፑ መካከል ውሃ የሚለይ ተጨማሪ ፊልትሮ በሻሲው ጎን መግጠም ሲሆን፣ ሥሩ ብርሃን አሳላፊ ሆኖ ውሃው ከውጭ እንዲታይና ማፍሰሻው ያለ መፍቻ እንዲከፈት ይደረጋል፤ ቦታው ግን ከጭስ ማውጫው ሙቀትና ጎማ ከሚያስፈነጥረው ጠጠር መራቅ አለበት። ሁለተኛው፣ ከሰልባትዮው በላይ ባለው ወለል ላይ በጎማ የታሸገና በብሎን የሚታሰር ክዳን ማበጀት ነው፤ ይሁንና ወለሉ ሊቆረጥ የሚገባው ሰልባትዮው ከመኪናው ወርዶ ርቆ ከተቀመጠ በኋላ ብቻ ነው፤ ባዶ ሰልባትዮ በውስጡ የቀረው ትነት በእሳት ፍንጣሪ ሊፈነዳ ይችላልና። ክብደት የሚሸከሙ የወለል ብረቶችም መነካት የለባቸውም። ሦስተኛው፣ የደረቁ ጎማ ቱቦዎችን ለናፍጣ በተሠሩ መተካት ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ተጨማሪ መጋጠሚያ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሊሆን ስለሚችል፣ መስመሩ በተቻለ መጠን አጭርና ቀጥተኛ ይሁን። አየር የያዘ የናፍጣ መስመር በእጅ ፓምፕ ተገፍቶ አየሩ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩ አይነሣም።

ነዳጅ የመቋረጡ አደጋ ክብደት የሚታየው ቁልቁለቱ ላይ ነው። የፍሬን ፔዳሉን የሚያቀለው የመምጠጥ ኃይል የሚመነጨው ከሚሠራ ሞተር በመሆኑ፣ ነዳጅ ተቋርጦ ሞተሩ ሲጠፋ፣ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ ይጠነክራል።

ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ረግቶ ከሥር የሚገኘው መኪናው ከመነቃነቁ በፊት ስለሆነ፣ የማፍሰሻ ጊዜው ደባርቅ ላይ ሞተሩ ከመነሣቱ አስቀድሞ ያለው ማለዳ ነው። ያን ጊዜ ረዳቱ ጎንበስ ብሎ ማፍሰሻውን ከፍቶ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ቢጠብቅ፣ ለፊልትሮው የወጣው ወጪ በሊማሊሞ ቁልቁለት ይካሳል።