የወሎ ቅሬ፣ ከቃሬዛው ባሻገር

በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላምና በማሻ ዙሪያ ባለው ደጋ ሰው ሲጠናበት መጀመሪያ የሚጠራው ጎረቤት ነው። ቃሬዛው ይወጣል፦ ሁለት ረጃጅም እንጨት፣ መሐሉ በጠፍር የተጠላለፈ። አራት ሰው ይሸከማል፣ የቀረው ይከተላል፤ ትከሻ ሲዝል ይቀያየራሉ። ገደሉ ወደ ዓባይ የሚወርድበት አገር ስለሆነ መኪና የሚገባበት መንገድ እስኪደርሱ አቀበት ቁልቁለቱ ብዙ ነው። ተሸካሚውን የሚጠራው፣ የቀረውንም የሚቀጣው ቅሬ ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የቅሬ ዳኛ አለው፣ መዋጮ አለው፣ መቀጮ አለው። ከቅሬ የተወገደ ሰው እሳት የሚጭርለት፣ ሬሳውን የሚያነሣለት የለም፤ ስለዚህ ውሳኔው ከፍርድ ቤት ውሳኔ ባልተናነሰ ይፈራል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተደባልቀው በሚኖሩበት ቀበሌ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑም ለሙስሊሙ መቃብር ይቆፍራል። ይህ ብዙ የተነገረለት ነው።

እኔ ቅሬን ላስተዋውቅ የምፈልገው ግን በቀብሩ በኩል አይደለም። ሰው ብቸኛ ነው ለማለት «ጧሪ ቀባሪ የሌለው» እንላለን። ሁለቱ ቃላት ተከታትለው ቢነገሩም መቅበር የአንድ ቀን፣ መጦር የዓመታት ሥራ ነው። ደመወዝተኛው ሥራ ሲያቆም የሚቀበለው ጡረታ እንኳ ስሙን ያገኘው ከመጦር ነው። ገበሬው በየወሩ የሚቆረጥለት ጡረታ የለውም። ጡረታው ልጁ፣ መሬቱና ጎረቤቱ ናቸው።

ጉልበቱ የደከመ ሰው መሬቱን በእኩል ይሰጣል፤ አራሹ በሬውን ይዞ ይመጣል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። ልጅ የሌለው ደግሞ የወንድም ልጅ ወይም ሌላ ዘመድ ቤቱ ያስገባል፤ የጦረው ይወርሳል። የ1997 ዓ.ም. የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456ም «የቤተሰብ አባል»ን የለካው በሥጋ ዝምድና ሳይሆን ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖሩ መተዳደሪያውን በመጋራት ነበር። እንዲህ መጦሩ መልካም አሠራር ይመስለኛል፤ ሽማግሌው ከመንደሩ፣ ከደጀ ሰላሙ ወይም ከመስጊዱ ሳይርቅ ያረጃል። አደጋውም ግልጽ ነው፦ መሬቱ በቁም ቀድሞ ከተላለፈ ሽማግሌው በጧሪው ፊት አቅም ያጣል።

ቤት ውስጥ ያለውን ሥራ ደግሞ ከቅርብ ማየት ያስፈልጋል። አስታማሚዋ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ሚስት፣ ልጅ ወይም ምራት። መነሣት ያቃተውን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን ማዞር አለባት፤ አለዚያ ወገቡ፣ ዳሌውና ተረከዙ ይቆስላል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ትን እንዳይለው ቀና አድርጋ አጥሚት ታጠጣዋለች። አንሶላ ለማጠብ ከምንጭ ውኃ ትቀዳለች። ሌሊት ሲጠራት ትነሣለች። ጠያቂ ይመጣል፣ «እግዜር ይማርህ»፣ «አላህ አፊያ ያድርግህ» ብሎ ይመርቃል፣ ቡና ይፈላል፤ ቡናውን የምታፈላውም እርሷው ናት። ለቅሶ የቀረ ይቀጣል። አስታማሚዋን ለግማሽ ቀን ያልተካትን ግን ቅሬው አይጠይቀውም።

መንግሥት ወደ ቤት የሚወስድ መንገድ ከፍቷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ባለሙያዎች መመደብን ያቀደ ነበር፤ ቤት ለቤት መሄድ ሥራቸው ቢሆንም ትኩረቱ በእናቶችና በሕፃናት ላይ ቆይቷል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉት ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣል። እህሉና ብሩ ይረዳል፤ ሰውን የሚያገላብጥ እጅ ግን አይሆንም።

ከቤት ውጭ ያለው አማራጭ ጥቂት ነው። ስሙ የገነነው፣ ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። ወድቆ የተገኘን ማንሣት ትልቅ ሥራ ነው፤ ጎረቤት ላለው ሰው ግን መጀመሪያ መታሰብ ያለበት የገዛ ቤቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም። ኤች አይ ቪ በጸናበት በ1990ዎቹ የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሕሙማን ቤት ልከዋል። በዚያው ዘመን የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶቹን ቤት ድረስ እየላከ መዳን የማይችሉ ሕሙማንን ስቃይ ያስታግሣል። በሶዶ ወረዳ ደግሞ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደ ጥናት ሐኪም ያልሆኑ፣ ሥልጠና የተሰጣቸው የአካባቢው ሰዎች ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሕሙማን ለአንድ ዓመት ያህል ቤታቸው እየሄዱ ደገፉ። በጤና ጣቢያ ሕክምና ላይ ይህ ሲጨመር ሕሙማኑ የዕለት ተግባራቸውን የመከወን አቅማቸው ተሻሻለ።

ቅሬ ለዚህ የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ይዟል፦ የአባወራ ዝርዝር፣ ተራ፣ የሚከበር ዳኛ። በሳምንት ግማሽ ቀን አስታማሚ የሚተካ ተረኛ ይመድብ፤ ያልመጣውንም ለቀብር እንደቀረ ይቅጣው። ተረኛው ወንድ ይሁን ሴት አስቀድሞ መማር ያለበት ነገር አለ፦ ሰውን ሳያሳምሙ ማዞርና ማንሣት። ያንን የጤና ኬላዋ ባለሙያ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ራሱ ቃሬዛው ላይ አንድ ጎረምሳ አስተኝታ ልታሳያቸው ትችላለች።