«ስፈጥን ቁጡኝ» የሚል ቲሸርት ለሹፌራችን

ሲቀላ መናኸሪያ የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ውሸት አለች። «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ረዳቱ እንዲህ እያለ ሲጮህ ገብታችሁ ስታዩ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ትቀመጣላችሁ፤ ጥሪው ይቀጥላል። በመጨረሻ ወንበሩ ሁሉ ሲሞላ ግን እውነትም አንድ ሰው ይጎድላል፤ ሹፌሩ። እሱ ሻይ ቤት ነው።

ስለዚህ ለአውቶቡስ ሹፌሮች ቲሸርት በእጄ ላትም ብነሳ የመጀመሪያው ጽሑፍ ተገኝቷል። ደረቱ ላይ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው»፣ ጀርባው ላይ ደግሞ «እሱም እኔ ነኝ»።

በአገራችን መኪና ዝም ብሎ አይሄድም፣ ያወራል። አዲስ አበባ ሚኒባስ ተሳፍሮ «ፍቅር ካለ ታክሲ ባስ ይሆናል» የምትለውን ጥቅስ ያላነበበ ስንት ነው? ባጃጁም አይሱዙውም የየራሱ ጥቅስ አለው። መኪናው ይህን ያህል ሲናገር፣ መሪ የጨበጠው ሰውዬ ግን የሚያናግረው የለም። እንዲያውም ብዙ አውቶቡስ ውስጥ «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ታያላችሁ።

ቲሸርት ላይ መቀለድ ለአርባ ምንጭ አዲስ ነገር አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ተማሪው ጂሲ ሲደርስ ቲሸርት ያሳትማል፤ ቅጽል ስሙንም የዶርም ቀልዱንም ጀርባው ላይ ይለጥፋል። ያንን ተማሪ ከነሻንጣው ከአገሩ አምጥቶ ሲቀላ ያወረደው ሹፌር ምን በወጣው ይቅርበት?

ቀልዱ እንደሆነ መንገድ ላይ ሞልቷል። ከሲቀላ ወደ ሶዶ ስትሄዱ ላንቴ ላይ ለሙዝ ይቆማል። ሰዉ በመስኮት ወጥቶ እስኪቀር ተንጠልጥሎ ዋጋ ይከራከራል፤ ሸምቶ ሲጨርስ «ሹፌር፣ አረፈድን እኮ!» ይላል። መልሱ ቲሸርቱ ላይ ቢኖር፦ «ሙዙ ሲገዛ ሰዓት አልነበረም?» ዓባያ ዳር ላብ በላብ ሆነን ደግሞ «መስኮቱን ዝጉት፣ ንፋስ ይመታኛል» የሚል አይጠፋም። ለእሱ፦ «ሲቀላ ነን እንጂ ዶርዜ አይደለንም»። «ደረስን ወይ?» እያለ በየአሥር ደቂቃው ለሚጠይቅም አለኝ፦ «እኔም የምሄደው ከእናንተ ጋር ነው»።

ለማተም ማሽን አያስፈልግም። ጠንከር ያለ ፕላስቲክ ወይም ያረጀ የራጅ ፊልም ላይ ጽሑፉን ወፈር አድርጋችሁ ጻፉና በምላጭ ቁረጡት። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ፈተና አለው፤ የ«መ» እና የ«ወ» ሆድ አብሮ ተቆርጦ ይወድቃል። መፍትሔው ቀጭን ማያያዣ መተው ነው። በዓባያና በጫሞ መካከል ያለውን የእግዜር ድልድይ አስቡት፤ ልክ እንደዚያ። ቲሸርቱ የጥጥ ይሁን። ቀለሙ ወደ ጀርባ እንዳያልፍ ውስጡ ካርቶን አስገቡ። የጨርቅ ቀለም በስፖንጅ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ምቱት፤ ከበዛ ሥር ሥሩን ይሰርጋል። ሲደርቅ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ በካውያ ተኩሱት። እጅጌው ላይ የድንጉዛ ቁራጭ፣ ቀይ ቢጫ ጥቁሩን፣ ብትሰፉበት የማን አገር ሹፌር እንደሆነ ሳይጠየቅ ይታወቃል።

አንድ ነገር ግን አስቡ። ሹፌሩ ሲነዳ ጀርባው በወንበር ተሸፍኗል፤ ደረቱንም የሚያየው መስታወቱ ብቻ ነው። ተሳፋሪው የሚያነበው ገና ሳይነሱ መናኸሪያ ውስጥ፣ ቀጥሎ ደግሞ ለምሳ ሲወርዱ ነው። ስለዚህ ደረቱ ላይ የምንጽፈው ጉዞው ሳይጀመር መባል ያለበትን ነገር ይሁን። እኔ ለዚህ ቦታ የመረጥኩት ይኼን ነው፦ «ስፈጥን ቁጡኝ፤ እናቴም ትቆጣኛለች»።

ለምን ብትሉ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። መኪናው ኩርባ ላይ ሲቀድም ሃምሳ ሰው ትንፋሹን ይውጣል፤ አንዱ ማርያም ይላል፣ አንዱ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። «ቀስ በል» የሚል አንድ ሰው የለም። ፈርተን ብቻ አይደለም፣ ይሉኝታ ይዞን ነው። «ፈሪ ይሉኛል»፣ «እሱ አይደል ሥራውን የሚያውቀው» እያልን ዝም። በዓመት ስንቱ ወገን መንገድ ላይ እንደሚቀር ዜናውን የምታዩት እናንተ ናችሁ።

ዝምታው ሲሰበር ምን እንደሚሆን ጎረቤት ኬንያ ተሞክሯል። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በዕጣ በተመረጡ ማታቱዎች ውስጥ «ሹፌሩ በኃይል ሲነዳ ተናገሩት» የሚል ስቲከር አስለጠፉ። ስቲከሩን ሳያነሳ ለቆየ ሹፌር በየሳምንቱ የሽልማት ዕጣ ነበረው። ዘመቻው «ዙሻ» ይባላል፤ በስዋሂሊ «ድምፅህን አሰማ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ ስቲከር በተለጠፈባቸው መኪኖች ለኢንሹራንስ የቀረበው የአደጋ ካሳ ጥያቄ ከ25 እስከ 33 በመቶ ቀንሷል። ወረቀት ነው እንግዲህ፤ ፍሬን አልቀየሩ፣ አስፋልት አላሰፉ።

ስቲከሩን የሚለጥፈው ግን ሌላ ሰው ነው። ቲሸርቱን የሚለብሰው ሹፌሩ ራሱ ነው፤ «ተናገሩኝ፣ አልቀየምም» ያለው እሱ ነው ማለት ነው። ተሳፋሪው ስቆ ከገባ በኋላ፣ መንገድ ላይ «ሹፌር፣ እናትህ እንዳትቆጣህ» ማለት አይከብደውም። ስድብ የለ፣ ክብር የተነካ የለ፤ መልእክቱ ግን ደርሷል።

ሰውን ሳያዋርዱ መመለስ ደግሞ ለዚህ አገር ሰው የሚነገር ነገር አይደለም። መስከረም 2011 ላይ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው ለበቀል የወጣውን ወጣት እንደመለሱ አገር አይቷል። እነሱ ያን ያህል ቁጣ በሳር ከመለሱ፣ እኛ አንድ የፈጠነ አውቶቡስ በቀልድ ማብረድ አያቅተንም።

ስለዚህ ሹፌር አባት፣ ሹፌር አጎት ያላችሁ ልጆች፣ ወይም ዘወትር የምትሳፈሩበት ሹፌር ያላችሁ፣ አንድ ቅዳሜ በቂ ነው። ጽሑፉን ከመቁረጣችሁ በፊት ለራሱ አንብቡለት፤ ካልሳቀ ሌላ ፈልጉ፤ እሱ ያልወደደውን አይለብስላችሁም። ቁጥሩንም ጠይቁ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ስለሆነ፣ ካፈራችሁ ግን ዝም ብላችሁ ኤክስ ላርጅ ግዙ።