በልጆች ጭንቅላት ውስጥ የሚገኝ የውሃ ከረጢት፦ መቼ ያሰጋል? በኢንዶስኮፕስ እንዴት ይታከማል?



አንዲት እናት የ7 ወር ልጇን ታቅፋ መጣች። «ዶክተር፣ ታላቅ እህቱ በሁለት ዓመቷ የምታደርገው ኮፍያ ለዚህ ጠበበው» አለችኝ። ዘመድ ሁሉ «ጭንቅላቱ ትልቅ የሆነ ልጅ ብልህ ነው» እያለ ሲያጽናናት ከርሟል።

ልጁን ሳየው እርግብግቢቱ ተወጥሯል። ዓይኖቹ ወደ ታች ወርደው ነጩ ከላይ ይታያል። የጭንቅላቱ ዙሪያ 51 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጤነኛ ሕፃን ሲወለድ 35 ገደማ፣ ዓመት ሲሞላው 46 ገደማ ነው። ኤም.አር.አይ ሲነሳ በአንጎሉ መሀል ትልቅ የውሃ ከረጢት ተገኘ።

ይሄ ከረጢት ምንድን ነው?

በሕክምና ስሙ አራክኖይድ ሲስት ይባላል። ካንሰር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አብሮ የሚወለድ ሲሆን፣ እናት በእርግዝና ጊዜ ባጠፋችው ጥፋት የመጣ አይደለም። አንጎልን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሲፈጠር ለሁለት ይከፈልና በመሀሉ ውሃ ይይዛል። ውሃው አንጎላችን በየቀኑ የሚያመርተው ንጹሕ ፈሳሽ ነው፤ በአዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይመረታል። ከረጢቱ የዚህን ፈሳሽ መውረጃ ከዘጋ ውሃው ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ ጭንቅላትም ያድጋል።

ሁሉም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል?

አያስፈልገውም! ብዙዎቹ ልጁ ወድቆ ወይም በሌላ ምክንያት ሲቲ ስካን ሲነሳ በአጋጣሚ የሚገኙ ናቸው፤ ምልክት ከሌላቸው ክትትል ይበቃቸዋል። «ሲስት አለው» የሚል ወረቀት ስላያችሁ ብቻ አትደንግጡ። የሚከተሉት ካሉ ግን አትዘግዩ፦

• ጭንቅላቱ ከዕድሜው በላይ በፍጥነት ካደገ፣ እርግብግቢቱ ከተወጠረ
• በተለይ ጠዋት ጠዋት ራስ ምታትና ማስመለስ ካለ
• ዓይኑ ወደ ታች ከወረደ ወይም እይታው ከቀነሰ
• የሚጥል ሕመም ከታየ
• መቀመጥ፣ መሄድ ወይም መናገር ከዘገየ
• ጭንቅላቱን ሳያቋርጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከነቀነቀ

በኢንዶስኮፕ ምን እንሠራለን?

ወላጆች «አንጎሉን ልትከፍቱት ነው?» ይሉኛል። ልጁ ሙሉ ሰመመን ይሰጠውና ቆዳው በትንሹ ተቀዶ አጥንቱ ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ትበጃለች። በእሷ በኩል ከእርሳስ የማይወፍር፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው መሣሪያ እናስገባለን። እስክሪን እያየን የከረጢቱን ግድግዳ እንከፍትና ውሃውን ከተፈጥሮ መውረጃው ጋር እናገናኘዋለን። ከረጢቱን ነቅለን አናወጣም። የታጠረ ኩሬ ወደ ወንዙ እንዲፈስ መስኮት እንደመክፈት ነው። ስለዚህ በኋላ ኤም.አር.አይ ላይ ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋ አይገርማችሁ፤ ግፊቱ መቀነሱ ነው ቁም ነገሩ።

ሌላው አማራጭ ሻንት ነው። ውሃውን ከጭንቅላት ወደ ሆድ የሚያወርድ ቱቦ ሲሆን የብዙ ልጆችን ሕይወት አድኗል። ችግሩ ሊደፈን ወይም ኢንፌክሽን ሊይዘው መቻሉ ነው። ቱቦው ሲደፈን ልጁ በሰዓታት ውስጥ ሊዳከም ይችላል፤ ሆስፒታል ሩቅ ለሆነበት ቤተሰብ ይህ ትልቅ ሥጋት ነው። በኡጋንዳ ምባሌ ከተማ ዶ/ር ቤንጃሚን ዋርፍ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጭንቅላታቸው ውሃ የቋጠረ ሕፃናትን በኢንዶስኮፕ ማከምን ያስፋፉት በዚሁ ምክንያት ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ኢንዶስኮፕም ሥጋት አለው። ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ በቁስሉ በኩል ውሃ ማፍሰስ ሊያጋጥም ይችላል። የተከፈተው መስኮት ተመልሶ ሊዘጋም ይችላል፣ በተለይ በጣም ጨቅላ በሆኑት ላይ። አንዳንዱ ልጅ በመጨረሻ ሻንት ያስፈልገዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ወይም ከቁስሉ የሚወጣ ውሃ ካያችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን አምጡት።

ልጁስ?

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ማስመለሱ ቆመ፣ እርግብግቢቱ ለሰለሰ፣ አሁን ተደግፎ ይቆማል። ነገር ግን ከረጢቱ የዓይን ነርቭን ለወራት ሲጫን ስለቆየ የአንድ ዓይኑ እይታ አልተመለሰም። እናትየው «ቀድሜ ባመጣው ኖሮ ያይ ነበር?» ስትለኝ መልስ ከበደኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ልጁ እስከዚያ ድረስ ሦስት ጊዜ ክትባት ተከትቧል፤ አንድም ጊዜ ጭንቅላቱን የለካለት ሰው ግን አልነበረም።

ስለዚህ አደራዬ ይህ ነው፦ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ እንዲሁም በ9 ወር ለክትባት ስትሄዱ «የጭንቅላቱን ዙሪያም ለኩልኝ፣ ካርዱ ላይ ጻፉልኝ» በሉ። አንድ ሜትርና አንድ ደቂቃ ይበቃል። ቁጥሩ ከዕድሜው ካለፈ ሪፈር ጠይቁ። ጠበል የምትወስዱም ውሰዱ፤ ሐኪም ጋ መምጣቱን ግን አታዘግዩ።

ጨቅላ ልጅ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።