ያልነከሰ ውሻም ያሳምማል

የውሻና የበሽታ ነገር ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን እብድ ውሻ ነው። እውነት ነው፣ እሱ ይገድላል። እኔ ግን ዛሬ ላነሳ የወደድኩት ስለማይነክሰው፣ እንዲያውም ጅራቱን እየቆላ ስለሚቀርበው ውሻ ነው። በተለይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሻ ሲይዙና ሲያክሙ ስለሚውሉ ሠራተኞች።

በውሻ አንጀት ውስጥ የምትኖር ኢኪኖኮከስ የምትባል የኮሶ ትል ዘመድ አለች። ርዝመቷ ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ውሻው ከየት አገኛት ቢባል ከእኛው ነው፤ በግ ወይም ከብት ስናርድ ውሃ የቋጠረውን ጉበትና ሳንባ «ለውሻ ስጡት» ብለን እንወረውራለን። ከዚያ እንቁላሏ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። በዓይን አይታይም፤ ውሻውም የታመመ አይመስልም። ሠራተኛው ውሻውን በባዶ እጁ ይዞ ሳይታጠብ ዳቦ ከቆረሰ እንቁላሉን ሊውጠው ይችላል።

የተዋጠው እንቁላል ብዙውን ጊዜ ጉበት ላይ፣ አለዚያም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል። ከረጢቱ ቀስ እያለ ስለሚያድግ ሰውየው ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል። የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው። ንክሻ ቀኑም ጠባሳውም ይታወቃል። ይህኛው ግን እስኪታወቅ ሠራተኛው ሥራ ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ታዲያ በሽታውን ከሥራው ጋር ማን ያያይዘዋል?

ሌላው ቶክሶካራ የሚባለው የውሻ ወስፋት ነው። ቡችላን ገና በእናቱ ማህፀን ሳለ ይይዘዋል። የትሉ እጭ ሰው ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ደግነቱ እንቁላሉ ሰው ለመያዝ ሳምንታት መቆየት ስላለበት የውሻውን ቤት በየቀኑ ማጽዳት ይጠቅማል። የኢኪኖኮከስ እንቁላል ግን ጊዜ አይሰጥም፤ እንደወጣ ሰው ይይዛል።

መከላከያው ጓንት ማድረግ፣ በሳሙናና በውሃ በደንብ መታጠብ፣ ሥራ ቦታ አለመብላት ነው። እጅን አልኮል መቀባት ብቻ አይበቃም፤ እንቁላሉን አይገድለውም። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒትም ትሏን እንጂ እንቁላሏን አያጠፋም። ስለዚህ መድኃኒት የወሰደ ውሻ ዓይነ ምድር ተሰብስቦ መቃጠል ወይም በጥልቀት መቀበር አለበት።

ይህን የሚጠርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሳይሆን የጽዳት ሠራተኛው ነው። እኛም ነገ ስለ እንስሳት ሕክምና ስንዘግብ «ጓንቱ ለማን ተሰጠ?» ብለን መጠየቅ አንርሳ።