መልኳ ያልተለመደ መኪናና የነገ ዋጋዋ፦ ትንሽ የቤተሰብ መኪናን በሊዝ መያዝ ወይስ መግዛት?

መግቢያ

በ1998 የጣሊያኑ ፊያት ኩባንያ «ሙልቲፕላ» የተባለች ትንሽ የቤተሰብ መኪና ለገበያ አቀረበ። ርዝመቷ ከ4 ሜትር ጥቂት ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ሆነው የተደረደሩ 6 መቀመጫዎች ነበሯት። ከፊት መስታወቷ ሥር፣ የሞተር ክዳኑ በሚያበቃበት ስፍራ፣ እንደ ዕብጠት ጎልቶ የወጣ ግንባር ነበራት፤ በዚያም ላይ ተጨማሪ መብራቶች ተተክለዋል። በ1999 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለ መጪው ዘመን አውቶሞቢሎች ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ ለእይታ በቃች፤ በመንገድ ላይ ግን መልኳ የብዙዎች መሣለቂያ ሆነ። በ2004 ኩባንያው ያንን ግንባር አስወግዶ መኪናዋን ከሌሎች ጋር የሚያመሳስል ገጽታ ሰጣት።

የሙልቲፕላ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ ውበትና አስቀያሚነት በሚደረግ ክርክር ውስጥ ነው። ለቤተሰብ በጀት ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ገዥው በመኪናዋ መልክ ቢደሰትም እንኳ፣ በመጨረሻ ዋጋዋን የሚወስነው ከእርሱ የሚገዛው ሰው ዓይን ነው። ስለዚህ ያልተለመደ መልክ ያላትን መኪና መግዛት፣ ማጓጓዣ ከመግዛት ባሻገር፣ የማያውቁት ሰው ከዓመታት በኋላ ስለሚኖረው ምርጫ መወራረድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ውርርድ በማን ትከሻ ላይ ቢወድቅ እንደሚሻል ማብራራት ነው። ማሳያው የብሪታንያ ገበያ ሲሆን፣ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱ የመያዣ መንገዶች

«ሊዝ» የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ ይበልጥ የሚያስታውሰው የከተማ ቦታ ይዞታን ነው። በመኪና ገበያ ሊዝ ማለት ተጠቃሚው በተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ የጉዞ መጠንና በወርሃዊ ክፍያ መኪናን ይዞ የሚቆይበት የረጅም ጊዜ የኪራይ ውል ነው። በብሪታንያ አንድ ቤተሰብ አዲስ መኪና ለመያዝ በዋናነት ሦስት መንገዶች አሉት።

የመጀመሪያው መግዛት ነው። ክፍያው በአንድ ጊዜ ወይም በየወሩ በሚከፈል የዱቤ ግዢ ሊፈጸም ይችላል፤ በሁለቱም መጨረሻ መኪናዋ የገዥው ናት፤ ዋጋዋ ቢወርድም ቢወጣም የእርሱ ዕጣ ነው። ሁለተኛው በአጭር መጠሪያው «ፒሲኤች» የሚባለው የግል ኪራይ ነው። ተከራዩ ውሉ ሲያበቃ መኪናዋን ይመልሳል፤ የመግዛት መብት የለውም። ሦስተኛው «ፒሲፒ» በመባል የሚታወቀው ሲሆን በሁለቱ መካከል ይገኛል። ተጠቃሚው ቅድሚያ ክፍያና ወርሃዊ ክፍያ እየፈጸመ ይቆይና በመጨረሻ ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል፦ ውሉ በተፈረመበት ቀን የተወሰነውን የማጠቃለያ ክፍያ ከፍሎ መኪናዋን የራሱ ማድረግ፣ ወይም ያለ ተጨማሪ ክፍያ መመለስ። ይህ የማጠቃለያ ክፍያ የፋይናንስ ኩባንያው ዋስትና የሰጠበት ዝቅተኛ የወደፊት ዋጋ ነው።

መልክ በወርሃዊ ክፍያ ውስጥ

በሊዝ ወርሃዊ ክፍያ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በውሉ ዘመን የሚጠፋው የመኪናዋ ዋጋ፣ ማለትም የእርጅና ቅናሽ፣ ለወራቱ ተከፋፍሎ ነው። ሁለተኛው በመኪናዋ ላይ ለተያዘው ገንዘብ የሚከፈል ወለድ ነው። ስለዚህ ወርሃዊ ክፍያውን በብርቱ የሚወስነው የመሸጫ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ኩባንያው በውሉ መጨረሻ ይኖራታል ብሎ የሚገምተው ቀሪ ዋጋ ነው።

ለማብራሪያ ያህል እያንዳንዳቸው 20,000 ፓውንድ የሚያወጡ ሁለት መኪኖች ይታሰቡ። የመጀመሪያዋ መልኳ የተለመደ ስለሆነ ከ36 ወራት በኋላ 10,000 ፓውንድ፣ ሁለተኛዋ መልኳ ያልተለመደ ስለሆነ 8,000 ፓውንድ ታወጣለች ተብሎ ተገምቷል። የዓመት ወለዱ 6 በመቶ ነው። የመጀመሪያዋ የእርጅና ቅናሽ በወር 278 ፓውንድ ገደማ ይሆናል፤ በአማካይ በተያዘው 15,000 ፓውንድ ላይ የሚታሰበው 75 ፓውንድ ወለድ ሲጨመር ወርሃዊ ክፍያው 353 ፓውንድ ይደርሳል። የሁለተኛዋ የእርጅና ቅናሽ 333 ፓውንድ፣ ወለዱ 70 ፓውንድ፣ ድምሩ 403 ፓውንድ ነው። በሦስት ዓመት የሁለቱ ልዩነት ወደ 1,820 ፓውንድ ይጠጋል።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያ ትምህርት፣ ሊዝ ያልተለመደ መልክ የሚያስከትለውን ኪሣራ በራሱ አያጠፋም የሚል ነው። ኩባንያው የዋጋ መውረዱን አስቀድሞ ካወቀው በወርሃዊ ክፍያው ውስጥ ያስገባዋል። ሊዝ ከኪሣራ ያድናል የሚለው የተለመደ አባባል እውነት የሚሆነው ገማቹ ላላሰበው የዋጋ መውረድ ብቻ ነው።

የመመለስ መብት ዋጋ

ያልተለመደ መልክ ያላቸው መኪኖች ሁሉ ግን ዋጋቸው በአንድ አቅጣጫ አይሄድም። በ2001 በቢኤምደብሊው ባለቤትነት እንደ አዲስ የቀረበችው ሚኒ መልኳ ከሌሎች የተለየ ነበር፤ ሆኖም ልዩነቷ ተወዶላት በሁለተኛ እጅ ገበያ ዋጋዋን በመጠበቅ ስሟ የሚነሣ ሆነች። ስለዚህ መልክ የሚያመጣው ዋነኛ ነገር የዋጋ ማነስ ሳይሆን የዋጋ እርግጠኛ አለመሆን ነው።

የፒሲፒ ውል ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። መልኳ የተለመደው መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ በእኩል ዕድል ወይ 9,500 ወይ 10,500 ፓውንድ ታወጣለች፣ የተረጋገጠላት ዝቅተኛ ዋጋም 9,500 ነው እንበል። የመመለስ መብቱ ለተጠቃሚው ምንም አይጨምርለትም፤ ገበያው ከተረጋገጠው ዋጋ በታች አይወርድምና። መልኳ ያልተለመደው ደግሞ በእኩል ዕድል ወይ 6,000 ወይ 10,000 ፓውንድ ታወጣለች፣ የተረጋገጠላትም 7,500 ነው እንበል። ገበያው 6,000 ቢሆን ተጠቃሚው መኪናዋን መልሶ 1,500 ፓውንዱን ለኩባንያው ይተዋል፤ 10,000 ቢሆን 7,500 ከፍሎ 2,500 ፓውንድ ትርፍ ይይዛል። የመመለስ መብቱ አማካይ ዋጋ 750 ፓውንድ ነው። መውረድና መውጣቱ በሰፋ ቁጥር ይህ መብት ይከብራል፤ ለዚህም ነው መልኳ የሚያጠራጥር መኪና ከተለመደችው ይልቅ ለፒሲፒ የምትስማማው።

ኩባንያዎችም ይህንን ያውቃሉ። የተረጋገጠውን ዋጋ ከሚጠብቁት ገበያ ዝቅ አድርገው ይወስናሉ፤ ይህም መብቱን ያረክሰዋል፣ ወርሃዊ ክፍያውንም ከፍ ያደርገዋል። በሌላ በኩል የአምራቹ የራሱ የፋይናንስ ክፍል በዝግታ የሚሸጥ ሞዴልን ለማንቀሳቀስ ሲል የተረጋገጠውን ዋጋ ከፍ የሚያደርግበት ወይም ወለዱን የሚቀንስበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ የመልኩን ኪሣራ የሚሸከመው አምራቹ ራሱ ስለሚሆን ተጠቃሚው ይጠቀማል። ስለዚህ ሊመረመር የሚገባው ቁጥር ወርሃዊው ክፍያ ብቻ አይደለም፤ የተረጋገጠው ዋጋ፣ ተመሳሳይ ሞዴልና ዕድሜ ያላቸው መኪኖች ዛሬ ከሚሸጡበት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የሚታየው ልዩነት ነው።

የገጽታ ማሻሻያ አደጋ

በ2014 ገበያ ላይ የዋለችው ሲትሮየን ሲ4 ካክተስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ርዝመቷ 4.16 ሜትር ገደማ የሆነችው ይህች የፈረንሳይ መኪና በበሮቿ ላይ «ኤርባምፕ» የተባሉ፣ በውስጣቸው አየር የታቆረባቸው ሰፋፊ የፕላስቲክ ትራሶች ነበሯት። በ2018 በተደረገው ማሻሻያ እነዚያ ትራሶች ተነሥተው በበሩ ግርጌ ላይ ባለ ጠባብ መስመር ተተኩ። ሙልቲፕላ በ2004 የደረሰባት በካክተስም ተደገመ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ማሻሻያ ለቀድሞው ገዥ የማይታወቅ ዕዳ ነው። አምራቹ የራሱን ድፍረት ሲያስተካክል የቀድሞዋ መኪና በአንድ ቀን «የድሮው ሞዴል» ትሆናለች፤ አልፎ አልፎም ብርቅ ሆና ፈላጊ ታገኛለች። የትኛው እንደሚሆን በግዢው ቀን የሚያውቅ የለም። ሊዝ የያዘ ሰው ግን ውጤቱን ሳይፈራ ሊጠብቅ ይችላል።

ጊዜ ሲረዝም

እስካሁን የቀረበው ክርክር መኪናን ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት ብቻ ለሚይዝ ቤተሰብ የሚሠራ ነው። የአያያዙ ዘመን ሲረዝም ስሌቱ ይገለበጣል። መኪኖች ባረጁ ቁጥር ዋጋቸው ወደ አንድ ዝቅተኛ ወለል ይጠጋል፤ በዚያ ወለል ላይ ከመልክ ይልቅ ሞተሩና የአካሉ ጤንነት ይገዛል። የሁለቱ መኪኖች ዋጋ ከ10 ዓመት በኋላ 1,500 እና 1,000 ፓውንድ ቢሆን፣ የመልኩ ቅጣት በ120 ወራት ተከፋፍሎ በወር ከ4 ፓውንድ ብዙም አይበልጥም፤ በ36 ወራት ግን ያው ቅጣት በወር 56 ፓውንድ ገደማ ነበር። የማይሸጥ ሰው የሌላውን ዓይን አይፈራም።

ከሁሉ የሚጠቀመው ሁለተኛው ገዥ ነው። መልኳ ያልተለመደውን መኪና በሦስተኛ ዓመቷ በ8,000 ፓውንድ ገዝቶ በ10ኛ ዓመቷ በ1,000 የሚሸጥ ሰው 7,000 ፓውንድ ያወጣል፤ የተለመደችውን በ10,000 ገዝቶ በ1,500 የሚሸጥ ግን 8,500። አገልግሎቱ ተመሳሳይ ከሆነ 1,500 ፓውንዱ የመጀመሪያው ባለቤት ለሁለተኛው የተወለት ስጦታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፉ እንዳብራራው፣ በሁለተኛ እጅ ገበያ ሻጩ ስለ መኪናው ገዥው የማያውቀውን ስለሚያውቅ ዝቅተኛ ዋጋ የስውር ጉድለት ምልክት ሊሆን ይችላል። ገዥው ዋጋው የወረደው በመልክ ምክንያት ይሁን በጉድለት መለየት አለበት። ኢጋል ሄንደልና አሌሳንድሮ ሊዜሪ በ2002 ያቀረቡት ትንታኔ በዚህ ረገድ ይጠቅማል፤ የሊዝ ውሎች ይህን የመረጃ አለመመጣጠን ሊያቃልሉ እንደሚችሉ ያሳያልና። ከሊዝ የተመለሰች መኪና ወደ ገበያ የምትወጣው በአብዛኛው ባለቤቷ ስለሸሻት ሳይሆን የውሉ ዘመን ስላበቃ ነው። ስለዚህ ከሊዝ የተመለሰች፣ የጥገና መዝገቧ የተሟላ፣ መልኳ ያልተለመደ መኪና ለረጅም ጊዜ ያዥ የተሻለች ዕጩ ናት።

የውሉ ገደቦችና የቤተሰብ ሕይወት

የሊዝ ውል የዋጋን አደጋ ቢያስወግድም ሌሎች ግዴታዎችን ያመጣል። ከተወሰነው ማይል በላይ ለተነዳው እያንዳንዱ ማይል ተጨማሪ ክፍያ አለ። መኪናዋ ስትመለስ ከተገቢው ድካም ያለፈ ጭረት፣ መጎድጎድ ወይም የመቀመጫ መበላሸት ይታሰባል። ይህ ልጆች ላሉት ቤት ቀላል ጉዳይ አይደለም። የካክተስ የበር ትራሶች ከሌላ መኪና በር ጋር ሲጋጩ አካሉን እንዲጠብቁ የተሠሩ ነበሩ፤ የሰው መነጋገሪያ የሆነው ነገር በመመለሻው ቀን ወጪ ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው። በአንጻሩ የኋላ በሮቿ መስታወቶች ወደ ታች የሚወርዱ ሳይሆኑ ጠርዛቸው ብቻ ወደ ውጭ የሚከፈት ነበሩ፤ ይህን የመሰለ ልዩነት ከኋላ ለሚቀመጡ ልጆች የሚያመጣው ችግር ከመፈረም በፊት መታየት አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ውሉን ቀድሞ ማፍረስ ነው። ልጅ ሊወለድ፣ ሥራ ሊጠፋ ወይም ቤተሰቡ ከተማ ሊለውጥ ይችላል። በብሪታንያ የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ በዱቤ ግዢና በፒሲፒ ለያዘ ሰው ከጠቅላላው ክፍያ ግማሹን ከሸፈነ በኋላ መኪናዋን መልሶ ውሉን የማቋረጥ መብት ይሰጠዋል። በፒሲፒ ግን ትልቁ ክፍያ መጨረሻ ላይ ስለሚገኝ ግማሹ ላይ የሚደረሰው ዘግይቶ ነው። የግል ኪራይ ይህ የግማሽ ክፍያ መብት የለውም፤ ቀድሞ መውጣት በውሉ ቃል የሚወሰንና ብዙ ጊዜ ውድ ነው። ባለቤት የሆነ ሰው ደግሞ በኪሣራም ቢሆን በፈለገበት ቀን መሸጥ ይችላል።

ማጠቃለያ

ያልተለመደ መልክ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በጊዜ የሚመዘን አደጋ ነው። ከላይ ከቀረበው ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ መኪናዋን ለጥቂት ዓመታት ብቻ የሚፈልግ፣ ኑሮው የረጋና የጉዞ መጠኑን የሚያውቅ ቤተሰብ በፒሲፒ ወይም በሊዝ ቢይዛት የሌሎችን ምርጫ ከመገመት ይድናል፤ ይህ ግን የተረጋገጠው ዋጋ ወይም ወርሃዊ ክፍያው ፍርሃቱን አስቀድሞ ያላስከፈለ እንደሆነ ነው። ሁለተኛ፣ አዲስ ገዝቶ በሦስተኛው ዓመት መሸጥ ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው፤ የዋጋው አደጋ ሁሉ በገዥው ላይ ይወድቃልና። ሦስተኛ፣ እስክታረጅ ለሚይዛት ሰው መግዛት ይሻላል፤ ከሊዝ ስትመለስ ቢገዛትማ የመጀመሪያው ያዥ የከፈለበት የመልክ ቅጣት ለእርሱ ቅናሽ ይሆንለታል። ስለዚህ ቤተሰቡ «መኪናዋ ታምራለች ወይ?» ብሎ ከመከራከሩ በፊት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «ስንት ዓመት እንይዛታለን?» የሚለው ነው።