የወጣቶች ልውውጥ ማለት ምን ማለት ነው? ማን ይልካል? ማንስ ይቀበላል?

 በደሴም፣ በኮምቦልቻም፣ በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎችም ከሥራ መልስ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሬዲዮናችሁን የከፈታችሁ የማታ ተማሪዎች ሁሉ፣ ጤና ይስጥልን። ዛሬ የምንጽፋት ቃል «ልውውጥ» ናት። ል፣ ው፣ ው፣ ጥ። አራት ፊደል ናት። መካከል ላይ ያሉት ሁለቱ መንትዮች ናቸውና አንዷን እንዳትዘሉ፤ ብዙ ሰው ይዘላታል።

ቃሏን የመረጥኳት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ማታ ማታ ደሞ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ከማታ ተማሪዎቼ መካከል ኮምቦልቻ ጉልት ተቀምጠው ሽንኩርትና በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። አንድ ምሽት ከመቀነታቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡና «መምህር፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ» አሉኝ። ወረቀቷ ማኅተም አላት። ልጅዎን በወጣቶች ልውውጥ ለአንድ ዓመት ትምህርት ውጭ አገር እንልካለን፣ ለዚህም ይህን ያህል ብር አስቀድመው ይክፈሉ ትላለች። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ከግርጌ ያለችውን የአማርኛ መስመር ግን እሳቸው ራሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል እየቆጠሩ እስከ መጨረሻው ደርሰዋል። መጨረሻዋ «አይመለስም» ትላለች። «አይመለስም የሚለው ገንዘቡን ነው ወይስ ልጄን?» ብለው ጠየቁኝ።

እውነቱን ለመናገር ያን ለት በቂ መልስ አልሰጠኋቸውም። ስለ ነገሩ የማውቀው ከስሙ ያለፈ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጠይቄ፣ አንብቤ የደረስኩበትን ነው ዛሬ ለሁላችሁም የምነግራችሁ።

በመጀመሪያ ላኪው ማን ነው? በዓለም ላይ ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል ስሙ የታወቀው ሮታሪ የሚባለው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክለብ ነው። ክለብ ስል የኳሱን ማለቴ አይደለም። የኛን ቅሬ አስቡ። ቅሬ ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ አባሉ መዋጮ ይከፍላል እንጂ ደመወዝ አይቀበልም። ሮታሪም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ ቅሬ በለቅሶና በችግር ጊዜ የራሱን አባል ሲረዳ፣ ሮታሪ አባል ያልሆነውን ሰው ለመርዳት የሚሰበሰብ መሆኑ ነው። ክለቡን እ.ኤ.አ. በ1905 ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር መሠረተው። ስብሰባቸው እንደ ጽዋ ማኅበር ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይዞር ስለ ነበር «ተዟዟሪ» ለማለት ሮታሪ ተባለ። እናቶች ስሙን ባታውቁት እንኳ ሥራውን ታውቁታላችሁ። ልጆቻችሁ አፍ ውስጥ የምትንጠባጠበዋ የፖሊዮ ክትባት በዓለም ዙሪያ እንድትዳረስ ገንዘብና ጉልበት ካዋጡት አንዱ ሮታሪ ነው። በሲያትል ከተማ የሚኖሩት ኢትዮጵያዊው የሮታሪ አባል አቶ ኢዝራ ተሾመ ለብዙ ዓመታት ከአሜሪካ የክለብ አባላትን እየመሩ ወደ አገራችን ሲያመጡ፣ እንግዶቹም ቤት ለቤት እየዞሩ ጠብታ ሲሰጡ ኖረዋል።

የወጣቶቹ ልውውጥ የተጀመረው ደሞ በፈረንሳይ አገር፣ የኒስ ከተማ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1927 ልጆችን ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ጋር መለዋወጥ በጀመረ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የሮታሪ ዓለም አቀፍ ቦርድ ፕሮግራሙን ለክለቦች ሁሉ እንዲያዙት መከረ። ታሪኩ ይብቃን፤ ወደ አሠራሩ እንግባ፣ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና።

የሚሄደው ልጅ ዕድሜው ከ15 እስከ 19 ዓመት ነው። ረጅሙ ልውውጥ አንድ የትምህርት ዓመት ይፈጃል፤ አጭሩ ከጥቂት ቀናት እስከ ሦስት ወር ነው። አንድ ክለብ ብቻውን ልላክ ቢል አይችልም፤ በላዩ ያለው ዲስትሪክት ከሮታሪ ዓለም አቀፍ ፈቃድ ያገኘ መሆን አለበት። ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ከኤርትራና ከደቡብ ሱዳን ጋር 9212 በሚባለው ዲስትሪክት ውስጥ ናት። ልጁ ቅጽ ይሞላል፣ ወላጅ ይፈርማል፣ ሐኪም ይፈርማል፣ ትምህርት ቤት ውጤቱን ይልካል። ከዚያ ክለቡ ልጁንም ወላጁንም ፊት ለፊት ያነጋግራል። ወላጅ ሳይጠየቅ የሚሄድ ልጅ የለም።

ገንዘቡስ? የአውሮፕላን ደርሶ መልስ ቲኬት፣ ኢንሹራንስ፣ ፓስፖርትና ቪዛ የቤተሰብ ወጪ ነው። ይህ ለጉልት ነጋዴ ቀርቶ ለመምህርም ቀላል አይደለም፤ መደበቅ አያስፈልግም። መኝታው፣ ምግቡና የትምህርት ቤቱ ክፍያ ግን በተቀባዩ በኩል ይሸፈናል። ልጁን የሚያስተናግደው ቤተሰብ ደሞ አንዲት ሳንቲም አይከፈለውም። በዓመቱ ውስጥ ልጁ በአብዛኛው ከአንድ በላይ ቤት ይኖራል፤ አንዱን ቤት ብቻ አይቶ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው እንዳይል ነው።

ስለ ደኅንነቱ የተጻፈውን ሳነብ እኔ ራሴ ተገርሜያለሁ። ተቀባዩ ቤተሰብ የወንጀል ታሪኩ ይጣራል፣ ምስክር ይጠየቅበታል፣ ቤቱ ይጎበኛል፤ ያውም ሳይነገረው ጭምር። ልጁ የራሱ አልጋ ሊኖረው ይገባል። ከክለቡ አንድ አማካሪ ይመደብለታል፤ ይህ አማካሪ ከሚያስተናግደው ቤተሰብ መሆን የለበትም። ለምን? ልጁ በቤቱ ቢከፋው ለባለቤቱ ራሱ አቤት እንዳይል ነዋ! የክለቡ አባል ያልሆኑ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ስምና ስልክም በእጁ ይሰጠዋል። በልጁም ላይ ክልከላ አለበት፦ መኪና አይነዳም፣ አይጠጣም፣ ከአደንዛዥ ዕፅ ይርቃል።

አሁን ወደ ቃላችን እንመለስ። ልውውጥ ሰጥቶ መቀበል ነው። ከዚህ ልጅ ከሄደ፣ ከዚያ ልጅ ይመጣል። በዕድሜ የገፋችሁ የደሴ ሰዎች ፒስ ኮር የሚባሉትን አሜሪካውያን መምህራን ታስታውሷቸዋላችሁ። ከመስከረም 1955 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገራችን ገብተው በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤትም አስተምረዋል። እነሱ መጡ እንጂ በነሱ ፈንታ የኛ ልጆች አልሄዱም። በ1970ዎቹ ደሞ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ውስጥ «የወጣቶች ደሴት» በሚባለው ቦታ ተምረዋል። ያን ጊዜም የኛ ሄዱ እንጂ የኩባ ልጅ መጥቶ በኛ ቤት አላደረም። ሁለቱም ጠቃሚ ሥራ ነበሩ፤ ልውውጥ ግን አልነበሩም። ልውውጥ ሁለት ቤት ይፈልጋል፤ አንዱ ቤት የናንተ ነው።

መቀበል እንችላለን ወይ? እኔ እንችላለን ባይ ነኝ። ወሎ ውስጥ ሰርግ የደገሰ ሰው የእስላሙን ለብቻ፣ የክርስቲያኑን ለብቻ አርዶ፣ ድስቱን ለይቶ፣ ሁሉን በየደንቡ አብልቶ ይሸኛል። ሥጋ ለማይበላ እንግዳ ሽሮ መሥራት ለዚህ ሰው ምኑ ይከብደዋል? ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩትን የግብር አዳራሽ ስሙን ታውቁታላችሁ፤ «አይጠየፍ» ነው። ደሴ ላደረ እንግዳ ጋቢ ይጨመርለት እንጂ፣ ኮምቦልቻ ወርዶ ደሞ ጋቢውን ይጥላል፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

እንቅፋቱ ሌላ ነው። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ያደረሰውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም አለ። ኢንሹራንስ ሰጪው የማይቀበለውን፣ መንግሥቱ አትሂዱ ያለውን ቦታ፣ የውጭው ክለብ ልጅ አይልክበትም። የኛንም ልጅ ቢሆን እኛ አንልክ። እንግዲህ በዚህ ጊዜ «ቶሎ ተመዝገቡ፣ ቦታው ሊሞላ ነው» እያለ የሚዞር ሰው ሲመጣ ጠርጥሩ። ልጆቻችንን በጅቡቲ በረሃና በባሕር ሲሸኝ የኖረውን ደላላ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ደላላው ልብስ ቢለውጥ፣ ማኅተም ቢይዝ፣ ያው ነው።

እኚያ እናት በሳምንታቸው ወረቀቷን ይዘው ወደ ሰውየው ሄዱ። አብረን ያዘጋጀናቸውን ሁለት ጥያቄዎች በደብተራቸው ጽፈው ነበር። የመጀመሪያው «ክለባችሁ የሚሰበሰበው የት ነው?» የሚል ነበር። ሰውየው «አዲስ አበባ» አለና አድራሻውን ሳይናገር አለፈ። ሁለተኛው «በልጄ ፈንታ የሚመጣው ልጅ ማን ቤት ያድራል?» ነበር። «ማንም አይመጣም፤ እርስዎን ምን አስጨነቀዎት?» አላቸው። ወረቀቷን አጥፈው ወደ መቀነታቸው መለሱና ወጡ። ገንዘቡን አልከፈሉም። ልጁ መጀመሪያ ተቆጥቶ ሁለት ቀን አኩርፏል አሉኝ፤ አሁን ትምህርቱን ይከታተላል። ወረቀቷ እኔ ዘንድ ናት፤ ማታ ክፍል ውስጥ ለንባብ እንጠቀምባታለን።

ለሚቀጥለው ትምህርት «ልውውጥ»ን በደብተራችሁ አምስት ጊዜ ጻፉ፤ ከሥሯም ልጃችሁን እልካለሁ የሚል ሰው ቢመጣ የምትጠይቁትን አንድ ጥያቄ በራሳችሁ ቃል አስፍሩ። ማክሰኞ በዚሁ ሰዓት የምንጽፋት ቃል «ዋስ» ናት። ደኅና እደሩ።