ሳይመርጡ የተመረጠላቸው

አዲስ ሶፍትዌር ስንጭን «ቀጥል፣ ቀጥል፣ ጨርስ» እያልን የምናልፍ አብዛኞቻችን ነን። ከጀርባ የተደረደሩትን ቁጥሮች ማን ወሰናቸው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ባለሙያዎች ዲፎልት፣ በአማርኛ ነባሪ ቅንብር የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ውሳኔ ማለት ነው። ነገሩ የቴክኒክ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እኔ ግን ነባሪ ቅንብር፣ ድምፅ ላልሰጠ ሰው ሌላው የሚሰጥለት ድምፅ ነው እላለሁ።

ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት የአማርኛ ገጽ ስንከፍት የሚቀበለን የባዶ ሳጥን ሰልፍ ነበር። የሚያነበው ፎንት ፈልጎ መጫን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነበር። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት አብሮ ይዞ ሲመጣ ግን፣ ስለ ፎንት ሰምቶ የማያውቀውም አነበበ። የተለወጠው ፊደሉ አልነበረም፤ የተለወጠው ነባሪው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ምናባዊ ዓለም በኮምፒውተር የተሠራ፣ ሰዎች በአቫታር አማካይነት የሚዘዋወሩበት ሥፍራ ነው። እዚያ ውስጥ ድንጋይ በራሱ አይወድቅም፤ ግድግዳም በራሱ አያግድም። ስበቱን፣ ሰበቃውን፣ ግጭቱን በየቅጽበቱ የሚያሰላ የፊዚክስ ሞተር የሚባል ፕሮግራም አለ። ስበቱ ስንት ይሁን? ስሌቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይካሄድ? እነዚህን የሚመልሰው ነባሪው ቅንብር ነው።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከጋርላንድ ቀጥሎ መስኪት የምትባል ከተማ አለች። በ1999 ኩዌክ ሦስት የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ያወጣው ኢድ ሶፍትዌር የዚያን ጊዜ መቀመጫው እዚያ ነበር። ኩባንያው በ2005 የጨዋታውን ኮድ ለሕዝብ ክፍት ስላደረገው፣ ፊዚክሱ እንዴት እንደሚሠራ ማንም ገልጦ ሊያይ ይችላል።

በጨዋታው ውስጥ ስበቱ 800፣ የዝላይ መነሻ ፍጥነት 270 ነው። በወረቀት ሲሰላ ተጫዋቹ ወደ 45.6 አሃድ ይዘላል። ነገር ግን ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ፍሬም መጨረሻ ላይ ፍጥነቱን ወደ ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋል። በሰከንድ 125 ፍሬም የሚያወጣ ማሽን ላይ አንዱ ፍሬም 8 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በዚያች ቅጽበት ስበቱ ከፍጥነቱ 6.4 መቀነስ ሲገባው፣ በማጠጋጋቱ የሚቀንሰው 6 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለዚህ ሰው ስበቱ 800 መሆኑ ቀርቶ 750 ሆነ፤ ዝላዩም ወደ 48.6 ከፍ አለ። ነባሪው የፍሬም ጣሪያ ግን 85 ነው። በእሱ ላይ አንዱ ፍሬም 11 ሚሊሰከንድ ሆኖ ይቆጠራል፤ 8.8 ወደ 9 ይጠጋጋል፤ ስበቱ ወደ 818 ይከብዳል፤ ዝላዩም ወደ 44.5 ዝቅ ይላል።

እንግዲህ ልብ በሉ! ሁለት ሰዎች አንድ ሜዳ ላይ ቆመው፣ አንዱ ምሥጢሩን ስላወቀ ብቻ ምድር ቀለለችለት። ምንም ያልነካው ምስኪን ደግሞ ከተጻፈው ሕግ የከበደ ስበት ተሸከመ። ሁሉንም በእኩል ስሌት የሚያስኬድ ቅንብር ኮዱ ውስጥ አለ፤ ነባሪ ዋጋው ግን 0 ነው፣ ማለትም ዝግ።

«ኮዱ ክፍት ከሆነ ያልተመቸው ይለውጠው» የሚሉ አሉ። ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው። በሩ መከፈቱ የሚጠቅመው በር መኖሩን ላወቀ ሰው ነው። ላላወቀው ሰው ክፍት በርና ግድግዳ አንድ ናቸው።

ስለ በርና ግድግዳ ካነሳሁ አይቀር፣ በዚህ በዳላስ አካባቢ ጥቂት ወላጆች ሆነን የያዝነውን ሥራ ልጥቀስ። አገራቸውን ላላዩ ልጆቻችን የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ በምናባዊ ዓለም እየሠራን ነው። የምንጠቀመው በ2007 የተጀመረውንና ኮዱ ክፍት የሆነውን ኦፕንሲሙሌተርን ነው። ይህ ሶፍትዌር አንድ ፊዚክስ ብቻ አይደለም ያለው። ቀደም ሲል ነባሪው ኦዲኢ የተባለው ሞተር ነበር፤ በ2013 ቡሌትሲም ተተካ። ከምንም በላይ ቀላል የሆነ፣ ዕቃዎችን ጨርሶ የማያጋጭ አማራጭም አለው።

እኛን ያከራከረን ግን ሌላ ቅንብር ነው። የዕቃዎች ቅርጽ ለግጭት ስሌት ሲዘጋጅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቅርጹን እንዳለ ተከትሎ ያሰላል፤ ነባሪውም እሱ ነው። ሁለተኛው ሁሉንም ነገር እንደ ደፈና ሣጥን ይቆጥራል፤ በጣም ፈጣን ነው። ሰርቨራችን በልግሥና የተገኘ አሮጌ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ «ፈጣኑን እንምረጥ» ያሉ ነበሩ። ነገር ግን ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ክብሩ ያለው ውስጡ ባዶ በመሆኑ ነው። በሣጥኑ ስሌት በሩ ለዓይን ክፍት ሆኖ ይታያል፣ ልጁ ሊገባ ሲል ግን ይገታዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው። ለፍጥነት ብለን ቤተ መቅደሱን መልሰን አለት ልናደርገው ነበር።

ስለዚህ ትክክለኛውን ቅርጽ ጠበቅን። ሸክሙን ያቀለልነው ሣሩንና ጌጣጌጡን ከግጭት ስሌት ውጭ በማድረግና በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ዕቃዎችን በማሳነስ ነው። ስበቱንም 9.8 ላይ ተውነው፤ ልጁ በምድር የለመደው እሱ ነውና።

ከዚህ ሁሉ የማገኘው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ነባሪ ሲመረጥ መታሰብ ያለበት የቅንብር ፋይሉን ፈጽሞ የማይከፍተው ሰው ነው። አዋቂው የትም ብትጥሉት መንገዱን ያገኛል። ሁለተኛ፣ ከቁጥሩ ጎን ምክንያቱ ይጻፍ፤ ምክንያት የሌለው ቁጥር ከጊዜ በኋላ ማንም የማይደፍረው ሕግ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ሰው በላዩ ላይ የገነባበትን ነባሪ በድንገት መንቀል ደግ አይደለም። የኩዌክ ተጫዋቾች በዚያ ስሕተት ላይ የዓመታት ችሎታ ገንብተውበታል። ለውጥ ሲያስፈልግ አስቀድሞ ማስታወቅና ወደ ነበረበት መመለሻውን መተው ተገቢ ነው።

በየማኅበራችን የምንሞላው ቅጽ፣ ልጆቻችን የሚከፍቱት ስልክ፣ የምንፈርመው ውል፣ ሁሉም ነባሪ አላቸው። እኛ ዝም ስንል ማን እንደሚናገርልን መጠየቅ ከዚያ ይጀምራል።

ቸር ይግጠመን!